የጣና የመኻል ውኃ ትንሽ ዓሣና ዘግይቶ የደረሰላት ስም

1. መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ አንዲት ትንሽ ዓሣ በሊቃውንት መዝገብ ለመጻፍ ስለ ምን ረዥም ዘመን እንደ ፈጀባት መመርመር ነው። ይህች ዓሣ ከጣና ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አትገኝም፤ ርዝመቷ 10 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከዳር ርቃ በሐይቁ መኻል በመንጋ ትኖራለች። ጣና በገዳማቱና በታንኳው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሐይቅ ሲሆን፣ ዓሣዋ የራሷን ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው በ2000 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አንባቢ «የዓሣ ነገር ለታሪክ ተማሪ ምኑ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችል ይሆናል። መልሳችን እንዲህ ነው። ዓሣዋ የተፈጥሮ ጉዳይ ናት፤ ስለ ዓሣዋ የተገኘው ዕውቀት ግን የሰው ሥራ ነው። የሰው ሥራ ደግሞ ዘመን፣ ምክንያትና ስሕተት አለው። ዘመን፣ ምክንያትና ስሕተት ያለው ነገር ሁሉ በታሪክ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የትውልድ ስፍራችን ነው። ከመካነ ሰላም አካባቢ፣ ከማሻ ደጋ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው መሬቱ ቁልቁል ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከጣና የወጣው ውኃ ዞሮ በዚያ ገደል ሥር ያልፋል። እኛ ግን «የዐባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው ሆነን፣ በውኃው ውስጥ ስለሚኖረው ፍጥረት አንዳች ሳናውቅ አደግን። በኋላም በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር የተሰጠን መጽሐፍ የሰሜን ባሕርን ዓሣዎች በሥዕል ያሳየን ነበር እንጂ የጣናን አንድም አላነሣልንም። የማናየውን ባሕር ዓሣ በቃል አጥንተን፣ ከበላያችን ካለው ሐይቅ የሚገኘውን ግን ሳናውቅ ፈተናውን አለፍን።

2. ከውቅያኖስ የተወሰደ ምሳሌ

ወደ ጣና ከመሄዳችን በፊት ነገሩ በእኛ ሐይቅ ብቻ የደረሰ እንዳይመስል ከውቅያኖስ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጥልቅ ባሕር ውስጥ በሰውነታቸው ላይ ብርሃን የሚሰጡ ነጠብጣቦች ያሏቸው ትንንሽ ዓሣዎች አሉ፤ በዚህ ጽሑፍ ፋኖስ ዓሣ እንላቸዋለን። ዓይነታቸው 250 ያህል ነው። አብዛኞቹ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጡም። ቀን ቀን ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ይውላሉ፤ ሲመሽ በብዙ መንጋ ሆነው ወደ ላይ ይወጡና በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን እንስሳት ይመገባሉ፤ ሊነጋ ሲል ይመለሳሉ። ከሚበሏቸው ትልልቅ ዓሣዎች የሚሸሸጉት በጨለማው ነው።

ሊቃውንት ፋኖስ ዓሣን ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ብዛቱን ግን አያውቁም ነበር። ብዛቱ እንዲገመት መንገድ የከፈተው ዓሣ አጥማጅ ሳይሆን ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከቦች የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ ድምፅ ወደ ባሕር እየላኩ የሚመለሰውን ያዳምጡ ነበር። ድምፁ ወለሉ ገና ሩቅ ሆኖ ሳለ ከመኻል ይመለስባቸው ጀመር። ይህ «ሐሰተኛ ወለል» ማታ ይነሣል፤ ማለዳ ይወርዳል። በምርመራ እንደ ታወቀው ወለል የመሰለው ነገር የሕያዋን ፍጥረታት ጭፍራ ነው፤ ከእነርሱም ዋነኞቹ ፋኖስ ዓሣዎች ናቸው።

ከ1952 እስከ 1993 የኢትዮጵያ ጠረፍ የሚዋሰነው ቀይ ባሕርም ይህ ዓሣ አለበት። በዚያ በብዛት የሚገኘውን ዓይነት አልኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ከሕንድ አካባቢ ባሕር ባገኘው ናሙና በ1890 ስም ሰጥቶት ነበር። በቀይ ባሕር ቀን ከ500 እስከ 750 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ይውላል፤ ሌሊት ወደ ላይ ወጥቶ ይመገባል። የሌላው ውቅያኖስ ጥልቅ ውኃ እጅግ ቀዝቃዛ ሲሆን የቀይ ባሕር ጥልቀት ግን ሙቀቱ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በምፅዋና በዓሰብ ወደብ ስንት ትውልድ ወጥቶ ወርዷል፤ ይህን የሌሊት ጉዞ ግን ከዳር ሆኖ ሊያይ የቻለ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ትንሽ የሆነ፣ በመንጋ የሚኖርና ከዳር የራቀ ፍጥረት ምንም ያህል ቢበዛ ሳይታወቅ ሊቆይ እንደሚችል ነው። ይሁን እንጂ ጣናና ውቅያኖስ አንድ እንዳልሆኑ መግለጽ ይገባናል። ጣና ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። እጅግ የጠለቀው ስፍራ 14 ሜትር ያህል ሲሆን አማካዩ ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የጣናዋን ዓሣ የሸሸጋት የውኃው ጥልቀት ሳይሆን ከዳር ያላት ርቀት ነው።

3. ሐይቁ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውኃው በዐባይ ወጥቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከበታች ያለ ዓሣ ይህን ፏፏቴ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ሊገባ አይችልም። በዚህም ምክንያት በእኛ ደጋ ሥር የሚያልፈው ውኃ የጣና ውኃ ቢሆንም፣ በበረሃው ወንዝ ያሉት ዓሣዎች ከጣናዎቹ ጋራ ተለያይተው ኖረዋል።

ደግሞም ሐይቁ ሁልጊዜ እንደ ዛሬው አልነበረም። በ2007 በታተመ የሐይቁ ደለል ጥናት መሠረት ጣና ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ደርቆ ነበር፤ በኋላ እንደ ገና ሞላ። እንግዲህ የመኻሉ ውኃ እንደ ገና የተገኘው በምድር ዕድሜ ሲለካ በቅርብ ጊዜ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በገበያ የሚታወቁት የጣና ዓሣዎች ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። ሊቃውንት ላቤኦባርቡስ በሚሉት ወገን ውስጥ ዛሬ 15 ዓይነት ይቈጥራሉ። ትንሿ ዓሣችን የእነዚህ ትልልቆች የሩቅ ዘመድ ናት።

4. መዝጋቢዎቹ

የጣናን ዓሣ በዘመናዊ ሳይንስ መንገድ በመጀመሪያ የመዘገበው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ጎንደርንም ጎብኝቷል። ወደ አገሩ የተመለሰው የእንስሳት ናሙና ብቻ ይዞ አይደለም፤ የግዕዝ መጻሕፍትንም ይዞ ሄዷል፤ መጻሕፍቱ በፍራንክፈርት ይገኛሉ። ለዓሣዎቹ ከሰጣቸው ስሞች አንዳንዶቹ፣ እንደ በሶና እንደ ጎርጓሪ ያሉት፣ ከአገሩ ሰው አፍ ተሰምተው በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ይህም የሐይቁ ሰዎች ዓሣውን ከዓሣ ለይተው ይጠሩ እንደ ነበረ ያስረዳል። ሩፔል ስም የሰጠው በሰው መረብ ለሚያዙት ትልልቆች ነበር።

ሁለተኛው የሎንዶኑ ሙዚየም ሊቅ ቡላንዤ ነው። ኤድዋርድ ደገን የተባለ ሰብሳቢ ከጣና የላከለትን ናሙና መርምሮ በ1902 ብዙ አዳዲስ ስሞችን አወጣ። ከነዚህም ውስጥ ሦስቱ የትንንሽ ዓሣዎች ስሞች ነበሩ፤ እነርሱም ሁሚሊስ፣ ፕሌውሮግራማና ትሪስፒሎፕሌውራ ናቸው። ስለዚህ ትንንሾቹ በጭራሽ አልታዩም ማለት ስሕተት ነው። የታዩት ግን በዳር፣ በረግረግና ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖሩት ናቸው። የመኻሏ ዓሣ ከመዝገቡ ውጭ ቀረች።

ሦስተኛው በኢጣልያ ወረራ ዘመን የመጣ ነው። ቢኒ የተባለው ኢጣልያዊ ስለ ጣና ዓሣዎች የጻፈው መጽሐፍ በ1940 ታተመ። ቢኒ ነጭ ዓሣዎችን በብዙ ንኡሳን ዓይነቶች ከፋፈላቸው። አራተኛው እንግሊዛዊው ባኒስተር በ1973 በጻፈው ጥናት የቀደሙት የለያዩትን አብዛኛውን መልሶ በአንድ ስም ጠቀለለው። አንድ ሙዚየም ውስጥ ያሉትን እነዚያኑ ናሙናዎች አንዱ ብዙ፣ ሌላው አንድ ብሎ ሊያነባቸው መቻሉ ለታሪክ ተማሪ የሚያስደንቅ አይመስለንም። በሰነድም ላይ እንዲሁ ይደርሳልና።

አምስተኛው ምዕራፍ የተጀመረው ሊቃውንቱ ከሙዚየም ወጥተው በሐይቁ ላይ መክረም ሲጀምሩ ነው። በሆላንድ የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሆኑት ናኸልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ ዓሣዎቹን በሕይወት ሳሉ መረመሩ። የሚበሉትን፣ የሚኖሩበትን ጥልቀትና የሚራቡበትን ስፍራ አመዛዝነው ነጭ ዓሣዎች አንድ ሳይሆኑ ብዙ ዓይነት መሆናቸውን አስረዱ። በዚሁ ሥራ ላይ ማርቲን ደ ግራፍ፣ ኢትዮጵያዊው እሸቴ ደጀን፣ ሲቢንግና ኦሴ በ2000 ባሳተሙት ጽሑፍ የመኻሏን ትንሽ ዓሣ ባርቡስ ታናፔላጊውስ ብለው ሰየሟት። ትርጉሙ «የጣና የመኻል ውኃ ነዋሪ» እንደ ማለት ነው። በኋላ የወገኗ ስም ስለ ተለወጠ ዛሬ ኤንተሮሚውስ ታናፔላጊውስ ትባላለች።

በመዝገብ ላይ ስም መጨመር ብቻ ሳይሆን መፋቅም አለ። በ2002 እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ቡላንዤ ሁለት ያላቸው ሁሚሊስና ትሪስፒሎፕሌውራ አንድ ዓይነት ዓሣ መሆናቸው ተገለጸ። ስለዚህ አንዱ ስም ቀረ። አዲሷ ግን በቦታዋ ጸናች። እሸቴ ደጀን በ2003 በቫኸኒንገን ያቀረቡት የዶክተርነት ጽሑፍም ስለ እነዚሁ ትንንሽ ዓሣዎች አኗኗርና ለማጥመድ ይበቁ እንደ ሆነ የተጻፈ ነው።

5. የዓሣዋ አኗኗር

የዓሣዋ ሕይወት የሚያርፈው በውኃው ውስጥ በሚንሳፈፉ፣ በዓይን ለማየት በሚያዳግቱ ጥቃቅን እንስሳት ላይ ነው። የዳሯ እኅቷ ሁሚሊስ በድንጋይና በሣር መካከል የምታገኘውን ልዩ ልዩ ነፍሳት ስትለቅም፣ ይህች ግን ዓመቱን ሙሉ ከመኻሉ ውኃ አትለይም። ሰውነቷም ቀጠን ያለ ነው።

በመኻል ውኃ መሸሸጊያ ድንጋይ ወይም ሣር የለም። እንዲህ ባለ ስፍራ ትንሽ ዓሣ የምትጠበቀው በመንጋዋ ነው። አጥቂው ከብዙዎቹ አንዷን ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል፤ ብዙ ዓይን ስላለም አደጋው ቶሎ ይታያል። ቢሆንም ጥበቃው ፍጹም አይደለም። ከ15ቱ ነጭ ዓሣዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ የእነርሱም ዋና ምግብ ትንንሾቹ ዓሣዎች ናቸው። እንግዲህ ጥቃቅኑን እንስሳ ትንሿ ዓሣ ትበላለች፤ ትንሿን ትልቁ፣ ትልቁን ደግሞ ሰው ይበላል። ትንሿ ዓሣ የሰንሰለቱ የመኻል ቀለበት ናት።

አስቀድመን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን ወዳመለከትነው ነገር እንመለስ። በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት የጣና ትንንሽ ዓሣዎች በዚያው በሐይቁ ውስጥ በፍጥነት እንደ ተለያዩ የሚያመለክት ምልክት አግኝቷል። ሐይቁ ሲሞላ ሰፊ የመኻል ውኃ ባዶውን ተገኘ፤ ከዳር ነዋሪዎች ወገን የሆኑት ወደዚያ ገቡ፤ አኗኗራቸውም ከዳሮቹ ለየቸው ማለት ነው። ይህ አሳብ ከተቀበልነው ዓሣዋ ራሷ የሐይቁን ታሪክ በሰውነቷ ይዛ የምትዞር ሰነድ ናት።

6. ስለ ምን ዘገየች?

እንደ እኛ አስተያየት ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው መሣሪያው ነው። የጣና ሰዎች፣ በተለይም በዓሣ ሥራና በታንኳ የታወቁት ወይጦዎች፣ ያጠምዱ የነበረው ለምግብ የሚበቃውን ዓሣ ነው። ታንኳው የደንገል ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ዳር ዳሩን ይሄዳል። በገባር ወንዞችም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ መበተን የተለመደ ነበር። ይህ ሁሉ ለወንዝና ለዳር የሚስማማ ዘዴ ነው። ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ደግሞ ጣት የምታህል ዓሣ አይዝም።

ሁለተኛው ፈላጊው የቆመበት ስፍራ ነው። መንገደኛው ሊቅ የዓሣ አጥማጁን ቅርጫት ይመለከታል፤ የሙዚየሙ ሊቅ የመንገደኛውን ጠርሙስ ይመለከታል። በቅርጫቱ ያልገባ በጠርሙሱ አይገባም፤ በጠርሙሱ ያልገባ በመጽሐፍ አይጻፍም። ስለዚህ የ1902ቱ መጽሐፍ ጉድለት ከመጽሐፉ ሳይሆን ከዳሩ የሚጀምር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄው ነው። «ስንት ዓይነት አለ?» ብሎ ቅርፊት የሚቈጥር ሰውና «ማን ምን ይበላል? የት ይኖራል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንድ ነገር አያገኙም። ሁለተኛውን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ወደ መኻል መሄድና ጥቅጥቅ ያለ መረብ መጣል ግድ ሆነበት። ዓሣዋም በዚያ ተገኘች።

ይህን የሚቃወም ሰው «ዓሣዋ ከዳሮቹ ጋራ ስለምትመሳሰል ነው እንጂ ተይዛ ሳይሆን አይቀርም» ሊል ይችላል። እውነት ሊኖረው ይችላል፤ በመልክ ተቀራራቢ ናቸውና። ነገር ግን ይህ ሦስተኛውን ምክንያታችንን ያጸናልናል እንጂ አያፈርስብንም። ተይዛም እንኳ ሳትለይ የቀረች ከሆነ፣ የጐደለው ዓሣው ሳይሆን ጥያቄው ነበር።

7. የዛሬው ጉዳይ

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት ነበር። በ1986 ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገቡ። የአጥማጁ ኑሮ ተሻሻለ፤ የከተማውም ገበያ ሰፋ። ዳሩ ግን ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ 75 በመቶ ያህል ቀነሱ። በወንዝ አፍ ላይ የተጣለ መረብ እንቁላል የያዘችውን እናት ከነልጆቿ ይወስዳልና። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳር ያዘ። በ2015 ጣና በዩኔስኮ የሕይወታዊ ጥብቅ ስፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል፤ መመዝገብና መጠበቅ ግን አንድ አይደሉም።

ትልልቁ ሲያንስ ሰው ወደ ትንሹ መመልከቱ አይቀርም። በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች ትንንሽ የመኻል ውኃ ዓሣዎች እየደረቁ የብዙ ድኻ ምግብ ሆነዋል። ስለዚህ የጣናዋም ትጠመድ ማለት በራሱ ክፉ አሳብ አይደለም። ሆኖም ጥቅጥቅ ያለ መረብ የትልልቁንም ጫጩት ሳይለይ ይጠርጋል፤ የመኻል ቀለበቷም ስትሳሳ ዓሣ በሎቹ ይራባሉ። ስለዚህ ከመረቡ በፊት ቈጠራው ይቅደም እንላለን። ዕውቀት ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶባታል፤ መረቡ ግን እንደዚያ አይዘገይም።

8. መደምደሚያ

ይህን ታሪክ ስንጽፍ ስለ ራሳችን ሥራ እንድናስብ ተገደድን። ለታሪክ ተማሪ ሰነድ መረብ ነው፤ የመረቡም ዓይን ሰፊ ነው። ንጉሡ፣ መኰንኑና ጦርነቱ ይያዛሉ፤ ከዳር የራቀውና ትንሹ ያመልጣል። ስለ ማሻና ስለ ምዕራብ ወሎ ደጋ የተጻፈውን ስንፈልግ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ያለፈበት ሠራዊት የጻፈውን ነው። ከዚህ ተነሥተን «በዚያ አገር የሚነገር ነገር አልነበረም» ብንል፣ የጣናን መኻል ውኃ ባዶ ነው ያለውን ሰው ስሕተት መድገማችን ነው። በመረብ ያልተያዘ ሁሉ የለም ማለት አይደለም።

አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እያሉ የሚመክሩን ከመጠን በላይ እንዳንመረምር ነው። ምክሩን እናከብራለን። በጣና ግን የጎረጎሩት ሰዎች ያወጡት ዘንዶ ሳይሆን ጣት የምታህል፣ የሐይቁ ኑሮ የተደገፈባት ዓሣ ናት። እኛም በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ በየወንዛችን ያሉትን ዓሣዎች ስምና ልማድ ከሚያውቋቸው ሽማግሎችና አጥማጆች ጠይቀን ብንጽፍ ሥራው ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ ጸሐፊዎች የሚጀምረው ከማሻ በታች በዐባይ በረሃ ነው። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ መምህርም ሆነ የትምህርት ጓደኛ ቢያርመን ደስ ይለናል።